ለታመመ ሰው መሮጥ

ላሊበላ ቀን አይመጣም። ሀሚና የሚሏቸውም አሉ። ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም እናትና ልጅ ሆነው፣ ውሻ እንኳ ሳይነቃ ከአጥር ውጭ ቆመው ያዜማሉ። የቤቱን ጌታ ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀዋል፤ በዜማው መሀል አስገብተው ያወድሱታል። ሲሰጣቸው መርቀው፣ ሲከለከሉ ሸንቆጥ አድርገው ወደሚቀጥለው በር ያልፋሉ። ፀሐይ ከወጣች አታገኟቸውም። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ ልማዱን የተወ የላሊበላ ዘር ሥጋ ደዌ ይይዘዋል ይባላል።

እኔ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የዜማ ሙያ የለኝም። ከላሊበላ የጀመርኩት ሰዓቱ የሯጭ ሰዓት ስለሆነ ነው። በሽታን ፈርቶ ጎህ ሳይቀድ መነሳት፣ በእግር ከበር በር መዞር፣ በዚህ አገር ከማውቀው ልማድ ሁሉ የቆየው ይሄ ነው። የላሊበላው እግር ግን የሚደክመው ለራሱ ገላ ነው። ለሌላ ሰው ገላ፣ ለዚያውም ካንሰር ለያዛት እናት፣ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ደረቷ ላይ ስም ጽፋ ስትሮጥ አይቻለሁ። ይሄኛው ልማድ ከየት መጣ?

የተደበቀ በሽታ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሠፈር ቢኖር የእኛው ነው። ከጣልያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ፣ ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረው በዚህ በምዕራብ በኩል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋሙ። በወጣትነታቸው ላረፉት ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያ ሆነ፤ ሠፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ግቢ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት አለርት ተመሠረተ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የበሽታውን ተሕዋሲ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው በኖርዌጂያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም እዚያው አጠገብ ተከፈተ።

ሆስፒታሉ ስለነበረ ሕሙማኑ መጡ፤ ሕሙማኑ ስለመጡ ሠፈር ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ ቀናት በእግር ተጉዘው የደረሱ ነበሩ። መድኃኒቱ ሲገኝ ብዙዎቹ ዳኑ። ድነው ግን ወደ ቀያቸው አልተመለሱም፤ የሚቀበላቸው አልነበረም። እዚሁ ጎጆ ቀለሱ፣ ወለዱ፣ ሴቶቹ በተቆረጠ ጣት ጥልፍ እየጠለፉ ልጆች አሳደጉ። ጥልፉን የውጭ አገር ሰዎች ይገዙት ነበር። እኛ ልጆች ሳለን ከታክሲ ላይ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ» ለማለት የሚያፍሩ፣ አንድ ፌርማታ አልፈው ወርደው በእግራቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ቆሼ የሚባለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ ረጲ ላይ፣ ከዚያው ከሕሙማኑ ሠፈር አጠገብ፣ መሆኑም እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ከተማው ሊያየው የማይፈልገውን ወደ ምዕራብ ይገፋ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ተራራ ቆሼ ላይ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር፣ ብዙው አዲስ አበቤ እዚያ ሰው እንደሚኖር ያወቀው ያን ቀን ነው።

ሩጫስ? ሩጫ በኮልፌ የወታደርና የፖሊስ ነገር ነበር። የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ እዚህ ነው። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት ሥር ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በዚሁ ግቢ ነው፤ ተኩስ፣ ፈንጂ፣ ትጥቅ ተሸክሞ ረጅም ጉዞ። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። አበበ ቢቂላ ጷጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ማሞ ወልዴም እንዲሁ። ምሩፅ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነው። የክለቦቹን ስም ብቻ ልብ በሉ፦ መቻል፣ ኦሜድላ፣ ማረሚያ ቤት። ሯጭ የሚሮጠው ለባንዲራ፣ ለማዕረግና ለደመወዝ ነበር። ከነዚህ ውጭ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ከታየ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሌባ የሚያባርር። ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን ተማሪዎቼን ከግቢ አውጥቼ ወደ አየር ጤና አቅጣጫ ሳስሮጥ «ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» እያሉ የሚከተሉን እናቶች ነበሩ።

ለታመመ ሰው የሚደረገው ሌላ ነበር፤ ጥቂትም አልነበረም። ብርቱካንና ወተት ይዞ መጠየቅ፣ ጠበል ማድረስ፣ ማኅበርተኛው ተራ ገብቶ ማስታመም፣ ልጆቹን እየተቀባበሉ ማብላት። ሁሉም ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ይደረጋል። እድር ደግሞ ለሞት የተሠራ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ታሞ ገንዘብ የጨረሰ ሰው ለእድሩ ጊዜው አልደረሰም። ይህን ክፍተት የሞላው በእኛ ዘመን የመጣው ሚኒባስ ነው። የታማሚው ትልቅ ፎቶ ጎኑ ላይ ተለጥፎ፣ ድምፅ ማጉያው «ወገን ለወገን» እያለ፣ ወጣቶች ካርቶን ይዘው በመኪኖቹ መሀል እየተሽሎከለኩ የውጭ አገር ሕክምና ወጪ ይሰበስባሉ። ስንቱን አድኗል። ስንቱም አጭበርባሪ የማያውቀውን ሰው ፎቶ ለጥፎ ለምኖበታል። ከዚያ በኋላ ሰው ብሩን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ፎቶውን ሁለቴ ማየት ጀመረ።

ወደ ሩጫው ልመለስ። በ1972 ዓ.ም. ክረምት ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ እኛ በሬዲዮ እየሰማን እንጨፍር ነበር። በዚያው ክረምት፣ በእነዚያው ቀናት፣ ካናዳ ውስጥ ቴሪ ፎክስ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት በአንድ ጤነኛና በአንድ ሰው ሠራሽ እግር በየቀኑ የማራቶን ያህል እየሮጠ ነበር። በ18 ዓመቱ የአጥንት ካንሰር ይዞት ቀኝ እግሩ ከጉልበት በላይ ተቆርጧል። የጠየቀው ነገር ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ካናዳዊ ለካንሰር ምርምር አንድ ዶላር። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ በሽታው ሳንባው ላይ ደርሶ አስቆመው፤ በዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግን በአገሩ ሕዝብ ቁጥር ልክ፣ 24 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰብስቦ አየ። በዚያ ክረምት ከሮጡት ሁለት ሰዎች የእኛ አገር ጋዜጣ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አልፈርድበትም። ምሩፅን ያደነቅነው አሸነፈ ብለን ነው። ቴሪ ፎክስ ማንንም አላሸነፈም። እንዲህ ያለ ሩጫ ገና አይገባንም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ዓለም ለእኛ ሮጠ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ቦብ ጌልዶፍና ባልደረቦቹ ስፖርት ኤይድ የተባለውን ጠሩ። ሱዳናዊው ሯጭ ኦማር ኸሊፋ፣ ሱዳን ውስጥ ካለ የስደተኞች ካምፕ ችቦ ለኩሶ እስከ ኒውዮርክ ወሰደ፤ ግንቦት 17 ቀን 1978 ዓ.ም. በመላው ዓለም በመቶዎች በሚቆጠሩ ከተሞች ወደ 20 ሚሊዮን ይደርሳል የተባለ ሰው ለአፍሪካ ረሃብተኞች ሮጠ። ነገሩን ሳስበው ይገርመኛል። በእግሯ የምትታወቀው አገር በሰው እግር ተረዳች። እኛ ያኔ የምናውቀው መዋጮ በቀበሌ የሚጠየቅ ነበር፤ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለዚህ፣ ለዚያ። ስምህ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ ካልከፈልክ የምትጠየቅበት። ሰው በገዛ ፈቃዱ መዋጮ ይሮጥበታል፣ ይዘፍንበታል ቢሉን አናምንም ነበር። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት «እርዳታ» የሚል ወረቀት ሲመጣ እጃችን ይሰበሰብ ነበር።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይህን ቀየረው። እናቱን ገና ልጅ ሳለ ያጣው ኃይሌ፣ ዓለምን ዞሮ ያየው ነገር ሜዳልያ ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ኒውካስል ላይ፣ የቀድሞው ሯጭ ብሬንዳን ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረው ታላቁ የሰሜን ሩጫ አለ፤ እዚያ ሰው የሆስፒታል፣ የሕሙማን ማኅበር፣ የሟች ወንድሙን ስም ለብሶ ይሮጣል። የዚያ ሐሳብ ወደ አዲስ አበባ መጣና በኅዳር 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰው መስቀል አደባባይ ተሰለፈ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተባለ። ዛሬ ከ40,000 በላይ የሚሮጥበት ዓመት አለ፤ ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጀው «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም ተከተለ፤ ከሩጫው ጎን ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ማሰባሰብም የተለመደ ሆነ።

መጀመሪያ አካባቢ ሰው የሚሄደው ለጭፈራው ነበር። ባንድ አለ፣ ከየቤቱ በጎማ ውኃ የሚረጭ አለ፣ ተቃቅፎ የሚዘል አለ። የኔ ቢጤው የስፖርት መምህር በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ይበሳጫል፤ ማንም አይሮጥም! በሦስተኛው ኪሎ ሜትር ራሱም ይዘፍናል። የዚያ ቀን ትልቁ ነገር ግን ቲሸርቱ ነው። መግቢያውም እሱ ነው፤ ሚኒስትሩም ሊስትሮውም አንድ ዓይነት ይለብሳሉ። ሰው ከጀርባው በእስክሪፕቶ መጻፍ ጀመረ። የሠፈሩን ስም፣ የክለቡን፣ የፍቅረኛውን። የታመመ ሰው ስም ጽፎ የመጣው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ ማንም አልመዘገበውም።

ለዚህ ነገር የራሳችን መሠረት የተጣለው ግን ሩጫው ላይ አይደለም። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር አጡ። በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ያኔ በአገሪቱ ያለው የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ይኸው አንድ ማዕከል ብቻውን መላ አገሩን ተሸክሞ ኖሯል። ወረፋ ሲጠብቁ በሽታው የሚቀድማቸው ብዙ ነበሩ። የበሽታው ስም በሰው ፊት አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል፣ ወይም ጨጓራ ነው ተብሎ ይታለፋል። ለቅሶ ላይ እንኳ «በምን ሞተች?» ሲባል ዘመዶች ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። አንድ አባት የልጁን ሙሉ ስም ከካንሰር ከሚለው ቃል አጠገብ አድርጎ ሰሌዳ ላይ መስቀሉ እኔ እስከማውቀው ከማንኛውም ሩጫ የበለጠ ድፍረት ነበር። ሌላ አገርም እንዲሁ ነው የጀመረው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ 38 ሰዎች ደም ካንሰር ይዟት ለነበረች አንዲት ሕፃን ክብር ሮጠው 322,000 ዶላር ሰብስበዋል፤ ጓደኞቹን ያስተባበረው አባቷ ነው። መጀመሪያ ወላጅ ለልጅ ሮጠ። ልጅ ለወላጅ መሮጥ የመጣው ቀጥሎ ነው።

አሁን ወደዚያች የ16 ዓመት ልጅ፣ ወደ ተማሪዬ። እናቷ ኮልፌ ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ፣ ጡታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶባቸው ኬሞ የሚወስዱ ሴት ናቸው። ልጅቱ አሥረኛ ክፍል ነበረች፣ ሩጫ ላይ መካከለኛ። በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ካንሰር የሚለው ቃል በእኛም ግቢ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ እሷም ከተከተቡት አንዷ ናት። እንደኔ ግምት ድፍረቱ ከዚያ ሳይጀምር አልቀረም። አንድ ቀን መጥታ «ቲቸር፣ ታላቁ ሩጫ ላይ ለማሚ ልሮጥ ነው፤ ሰው በኪሎ ሜትር እንዲከፍለኝ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ከየት ሰማሽ ብላት ውጭ አገር ያለች የአክስቷ ልጅ እንደነገረቻት አወራችኝ። እናቷ ግን አንድ ነገር አስጠንቅቀዋት ነበር፦ «እኔን ብለሽ እንዳትለምኚ። ሠርቼ ነው ያሳደግኩሽ።» ስለዚህ ገንዘቡ ለእናቷ እንዳይሆን ተስማሙ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው ማደሪያ አጥተው ደጅ ለሚያድሩ ሕሙማን እንዲሆን ወሰኑ። እናቲቱ ኬሞ ሲወስዱ ከጎናቸው የሚቀመጡት ሰዎች እነሱ ናቸው፤ የሚበሉትን እየተካፈሉ ያውቋቸዋል።

ደብተር ይዛ ወጣች። አጠና ተራ ላይ ባሕር ዛፍ የሚሸጡት ሰዎች መጀመሪያ አልገባቸውም። «ትሮጫለሽ፣ እኛ እንከፍላለን? እኛስ ምን እናገኛለን?» ያላት ሰው አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚያ አንዱ ለኪሎ ሜትር አምስት ብር ጻፈ፣ ሌላው እልህ ገብቶት አሥር። የሻይ ቤቷ ባለቤት «ከጨረሽ መቶ፣ ካልጨረሽ ሃምሳ» ብላ ፈረመች። ደብተሩን አይቼዋለሁ፤ በአምስት ዓይነት እጅ ጽሑፍ የተሞላ፣ በርበሬ የነካካው ደብተር ነው።

ጭቅጭቁ የመጣው ከቲሸርቱ ነው። በከተማችን ፎቶ ያለበት ቲሸርት የሐዘን ነው። ወጣት ሲሞት ጓደኞቹ ፎቶውን አሳትመው ለብሰው ይሸኙታል፤ ለቅሶ ላይ ፎቶ ከፍ አድርጎ መያዝም የሟች ወግ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ሕዝብ ፊት የሚዞረው ሚኒባሱ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ልመና ነው። ልጅቱ የእናቷን ፎቶ ደረቷ ላይ ልታሳትም ነው ሲባል የእድራችን ዳኛ እኔ ዘንድ መጡ። «መምህር፣ ኧረ ነውር ነው! እትዬ ሳይሞቱ ለቅሶ ልትወጣባቸው ነው?» ንግግራቸው ከክፋት አልነበረም። ሟርት ፈርተው ነው። እናቲቱ ሲሰሙ ሳቁና አስታራቂ ሐሳብ አመጡ። ፎቶው ይቅር፣ ስሜ ይጻፍ፣ ከሥሩም «አለሁ» በሉበት አሉ። እንደዚያው ተጻፈ። ዳኛውም ለኪሎ ሜትር ሃያ ብር ፈረሙ።

ስለ ሩጫው ቀን ብዙ የምለው የለኝም። መካከለኛ ሯጭ ናት ብያለሁ፤ ሕዝቡ መሀል ተውጣ፣ ግማሹን እየተራመደች ጨረሰች። የሚገርመው መንገድ ላይ የገጠማት ነው። የማታውቃቸው ሰዎች ስሙንና «አለሁ» የሚለውን እያነበቡ ጠጋ ይሏታል። አንዱ «የኔም እናት» ይላታል፣ ሌላዋ «እህቴ ናት»። አንድ ጎልማሳ ስለ ራሱ ነግሯት፣ ለቤተሰቡም ገና አልነገርኩም ብሎ ጥሏት ሮጠ። ዘነበወርቅ ላይ አንድ ፌርማታ አልፈው ይወርዱ የነበሩት ሰዎች ትዝ አሉኝ።

የተሰበሰበው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ የአንድ ሰው አንድ ዙር መድኃኒት እንኳ በወጉ አይገዛም። ፍራሽና ብርድ ልብስ ተገዝቶበት ሕሙማን ለሚያርፉበት ቤት ተሰጠ፤ ደረሰኙም ሻይ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ገንዘቡን እያጋነኑ ሩጫ ካንሰርን ያሸንፋል የሚሉትን አልወዳቸውም። ካንሰርን የሚያሸንፈው ቶሎ መመርመር፣ ማሽን፣ መድኃኒትና ሐኪም ነው፤ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ የአንድ ማሽን ብሎን አይገዛም። እኔ ለዚህ ልማድ ዋጋ የምሰጠው በሌላ ምክንያት ነው። ከዚያ ሩጫ በኋላ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ሁለት ነጋዴ ሴቶች ጡታቸው ላይ እብጠት እንዳለ ለልጅቱ እናት ነግረዋቸው፣ እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ወስደዋቸዋል። የልጅቱ እናት ጨጓራ ነው ብለው ተደብቀው ቢሆን ማንም አይጠይቃቸውም ነበር።

አንድ ነገር ለአንባቢ። ኅዳር ሲቃረብ በእናንተም ሠፈር ደብተር የያዘ ልጅ በር ያንኳኳ ይሆናል። አታባርሩት። ማን እንደታመመበት ጠይቁት፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ጠይቁት፣ የሚቀበለውን ድርጅት ስምና የደረሰኙን ነገር ጠይቁት፤ በሚገባ ካስረዳችሁ በኪሎ ሜትር የምትችሉትን ጻፉለት። ከቤታችሁ ውስጥ እብጠቱን ደብቃ የተቀመጠች ሴት ካለችም ሩጫው እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።